እግር የሚፈትሹት አያት

እማማ የትነበርሽን የሚያውቅ ሰው ስለ እሳቸው ማውራት የሚጀምረው ከጆሯቸው ነው። ድብ ባሕር ላይ፣ ከመኪናው መንገድ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ባለው መንደራቸው፣ ሦስት ቤት አልፎ የሚያለቅስ ሕፃን ሰምተው ይፈርዱ ነበር። «ይሄ ርቦት ነው፤ እናቱ ወፍጮ ቤት ቆይታበታለች። ስሙት፣ ዝግ ብሎ ጀምሮ ነው ከፍ የሚለው» ይላሉ፣ ከሚለቅሙት ምስር ቀና ሳይሉ። «ያኛው እንቅልፉ መጥቶ እምቢ ያለ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት፣ ጆሮውን ያሻል።» «ያቺ ሆዷ ተነፍቶ ነው፤ ክንዳችሁ ላይ በሆዷ አስተኟትና ጀርባዋን መታ መታ አድርጉላት።» ሄደው ሲያዩ እውነት ሆኖ ይገኛል። በምንም አልባበል ላለው ደግሞ ወንፊት አንሥተው ከራስጌው ጤፍ ይነፋሉ፤ ያ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ ስንቱን አስተኝቷል መሰላችሁ!

አንድ ልቅሶ ግን አለ። ድንገት የሚነሣ፣ ጡት የማይቀበል፣ ቢያዝሉት ቢያቅፉት የማይለወጥ፣ ትንፋሽ እስኪያጥር የሚጮህ። ለዚህኛው አገሩ ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ። የሚቆርጡት ደግሞ ራሳቸው እማማ የትነበርሽ ነበሩ። በቀጭን ሸምበቆ ያሳለፉት የፈረስ ጭራ ነበራቸው፤ በጭራው እንጥሉን ያንቁታል፣ በምላጭ ይቆርጡታል፣ አለቀ። እጃቸው ሸጋ ነው ይባል ነበር። የዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተዉት። «ዓይኔ ደከመ» አሉ፤ ሰውም አመነ። ሰው ምን ቸገረው፣ የተነገረውን ያምናል።

አሁን ያሉት ጎንደር ነው። ልጃቸው አላምረው «ሚስቴ ወልዳለች፣ ነይልኝ» ብሎ ማራኪ ሰፈር ከተከራየው ቤት አስመጣቸው። ሚስቱ ሃና የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ እናቷን በልጅነቷ ያጣች፣ አራስ ቤት የሚገባላት ዘመድ የሌላት። ሕፃኗ ሰባ አንድ ቀኗ ነው፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሣ ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። ወላጆቿ ገና ስም እያማረጡ ነው። እማማ የትነበርሽ ግን አልጠበቋቸውም፤ ባንቺአየሁ ብለው ሰይመዋታል።

«እማማ፣ ይሄኮ የድሮ ስም ነው» ትላለች ሃና።

«እኔስ የድሮ ሰው አይደለሁ?» ይላሉ፣ ይሳሳቃሉ።

አንድ ነገራቸው ብቻ ሃናን ግራ ያጋባት ነበር፤ የእግር ነገር። ልጅቷ ባለቀሰች ቁጥር፣ ጡት ከመጥባቷ በፊት፣ ጨርቋ ከመቀየሩም በፊት፣ አያቷ ካልሲዋን አውልቀው ጣቶቿን አንድ በአንድ እየለያዩ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ያያሉ። ካልሲውን ገልብጠው የተመዘዘ ክር ይለቅማሉ። ከድብ ባሕር ያመጡላትን መታቀፊያ ጋቢ እንኳ ዘርፉን ዙሪያውን በመቀስ ሸልተው ነው የሰጧት። «እማማ፣ ጣቷ ትናንትም ዐሥር ነበር፣ ዛሬም ዐሥር ነው» ትላቸዋለች። «ይሁን እቴ፣ መቁጠር አይከፋም» ብለው ያልፉታል። ለምን እንደሆነ ጠይቃቸው ታውቃለች፤ መልሰውላት አያውቁም።

ሌላው የጸኑበት ነገር ጥፍር ነበር። በእሳቸው ቤት ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ ጥፍሩ አይቆረጥም፤ እናታቸው አልቆረጡም፣ የእናታቸው እናትም አልቆረጡም። ሃና የሕፃን ጥፍር መቁረጫ መቀስ ገዝታ መጥታ ትንሽ ተከራከረችና ተሸነፈች። ልጅቷ ፊቷን በጥፍሯ መቧጨር ስታበዛ ከቅዳሜ ገበያ የሹራብ ጓንት አመጣችላትና እጆቿን ሸፈነችላት፤ ክርክሩም በዚሁ ቀረ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው ጩኸቱ የተነሣው። ጠዋት ታጥባ፣ ጠብታ፣ ተኝታ ነበር። ድንገት ብርግግ ብላ ነቃችና ጮኸች። እማማ የትነበርሽ ጓሮ ልብስ እያሰጡ ነበር፤ የያዙት ጨርቅ ከእጃቸው ወደቀ። ያ ልቅሶ ነው! ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሕልማቸው ሲሰሙት የኖሩት። ሮጠው ገብተው ካልሲዋን ገፈፉ፣ ጣቶቿን ለያዩ። ንጹሕ ናቸው፤ ሁሉም ቀያይ፣ ሁሉም ሙቅ። «እመ ብርሃን፣ ተመስገን» አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ ታዲያ ምንድን ነው? ብለው ራሳቸውን ጠየቁ።

ጡት ቢሰጧት እምቢ አለች። ጨርቋን ቢያዩት ደረቅ ነው። አስገሷት፣ አዘሏት፣ እሹሩሩ እያሉ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ተመላለሱ። የቧንቧውን ውሃ ከፍተው አስጮሁላት፤ ከተማ ውስጥ በወንፊት ፈንታ ያገኙት ዘዴ ነበር፣ ሌላ ጊዜ ቶሎ ነበር የሚያስተኛት። ዛሬ ምንም። ብርድ መቷት ይሆናል ተባለና ገላዋን ማጠብ ቀረ፤ ከወገቧ በላይ ልብሷ እንዳይነካ፣ እጆቿም እንዳይገለጡ ተባለ። ይህን ያሉት ራሳቸው እማማ የትነበርሽ ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት ሃና ባጃጅ ይዛ ክሊኒክ ወሰደቻት። ሆዷ ተዳሰሰ፣ ጆሮዋ ታየ፣ አፏ ታየ። የሆድ ቁርጠት ነው፣ ሦስት ወር ሲሞላት ይተዋታል፣ አይዞሽ ተባለች። ሦስት ወር እስኪሞላት እኮ ሃያ ቀን ገና ነው! ሃያ ቀን ይቅርና ሃያ ደቂቃ የምትችልበት አቅም አልነበራትም። ሌላ ክሊኒክ ሄደች፤ እዚያም ያው። ባሏ አላምረው ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዷል፤ በየሰዓቱ እየደወለ «ምን ልላክላችሁ?» ይላል። ምን ይልካል! ሲልክስ ማን ያስተኛለታል!

ያን ዕለት ከሰዓት ሃና ልጅቷን አልጋ ላይ አስቀምጣ በሩን ዘግታ ወጣች። እማማ የትነበርሽ ሲከተሏት ከግቢው ግንብ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና አገኟት። ፊቷ የሰው ፊት አይመስልም።

«ልወረውራት ነበር፣ እማማ» አለች። «ከግድግዳው ጋር። እጄ ተነሥቶ ነበር። የገዛ ልጄን!»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። «አልወረወርሻትም። አስቀምጠሽ ወጣሽ። እንዲህ ሲሆንብሽ ማድረግ ያለብሽም ይህንኑ ነው፤ አስቀምጠሽ፣ በር ዘግተሽ፣ ትንሽ ተንፍሰሽ መመለስ። ይህ መጥቶብኝ አያውቅም የምትል እናት ካለች ቀጣፊ ናት።»

«ይቁረጡልኝ።»

«ምኑን?»

«እንጥሏን። ድሮ ይቆርጡ እንደነበር አላምረው ነግሮኛል።»

«ምነው ልጄ? የተማርሽ ሰው ምነው እንዲህ ትያለሽ? እሱኮ ደም አለው፣ ሞት አለው።»

«ሐኪሙን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ መጽሐፉንም አነበብኩት። መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ የምጠብቅ ሰው ነኝ፣ አንዱም ልጄን ዝም አላሰኘልኝም። የቀረኝ እርስዎ ነዎት። እግርዎን ልሳም፣ እማማ!»

«ዓይኔ ደክሟል።»

«እሑድ ዕለት በመርፌ ቀዳዳ ክር ሲያሳልፉ አይቼዎታለሁ። አንዴም አልሳቱም።»

ሃና ዕንባዋን ጠርጋ ተነሣች። «እንግዲያው ለዓይናዲስ እደውላለሁ። እሷ ትለምንዎታለች።»

ዓይናዲስ የእማማ የትነበርሽ የበኩር ልጅ ናት፤ እዚያው ድብ ባሕር አርሳ የምታድር። እንግዲህ ለማንም፣ ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ኃይለ ማርያም እንኳ ያልተነገረውን ነገር እዚህ ላይ መናገር ግድ ነው።

ዓይናዲስ በሃያ ዓመቷ ሰውአገኝ የሚባል ወንድ ልጅ ወለደች። አራት ወሩ ላይ ያንን ልቅሶ ጀመረ። ሁለት ቀን ታገሠች፣ በሦስተኛው ቀን አዝላ ወደ እናቷ አመጣችው። እናቷም እንደ ልማዳቸው ቆረጡ። ደሙ አልቆም አለ። ጨርቅ ቢይዙበት፣ ቅጠል ቢያኖሩበት አልቆም አለ፤ ልጁ ቀትር ሳይደርስ አለፈ። የገነዙት እሳቸው ነበሩ። ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ሁለቱን የእግሩን አውራ ጣቶች በክር አጣምረው ሊያስሩ እግሩን ሲገልጡ፣ አንዲት ጣቱ አብጣ ጠቁራ አገኟት። ከጋቢው ዘርፍ የተመዘዘ፣ ጠጉር የሚያክል ክር ዞሮ ዞሮ ሥጋውን በልቶ ገብቷል። ሦስት ቀን ያለቀሰው ለዚያ ነበር። እንጥሉ ደህና ነበር። እማማ የትነበርሽ የደህናውን ልጅ ጉሮሮ ነበር የቆረጡት። እግሩን መልሰው ሸፈኑትና ዝም አሉ።

ለቅሶ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ «ቶሎ ብታመጣው ኖሮ» ይል ነበር። ዓይናዲስ እናቷን «ዘግይቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። እማማ የትነበርሽ «አዎ» እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። መነቅነቅ ምን ይከብዳል! ያቺ አንዲት ንቅናቄ ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራች። ዓይናዲስ ከዚያ ወዲያ የወለደቻቸውን ሁለት ሴቶች ልጆች በሳምንታቸው ሌላ ቆራጭ ዘንድ ወስዳ አስቆረጠች፤ እናቷ ቆመው እያዩ። ልጆቹ ተረፉ። ተርፈዋልና በቶሎ መቁረጥ እንደሚያድን አመነች፤ ለሰው ሁሉም ያንኑ ትመክር ጀመር።

ሐሙስ ቀትር ላይ ደረሰች። ከአውቶቡሱ ወርዳ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ በቀጥታ ወደ ልጅቷ ሄዳ አፏን አየች። ልጅቷ በሦስት ቀን ድምፅዋ ሰልሎ ስትጮህ እንኳ የሚወጣው ሲርታ ብቻ ነበር። ዓይናዲስ ከጉያዋ በቡትቶ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሸምበቆው፣ የፈረስ ጭራው፣ የዛገው ምላጭ። እማማ የትነበርሽ የሰውአገኝ ቀብር ዕለት ጣራው ሥር ሸጉጠውት፣ ምስጥ በልቶት ይሆናል ብለው የተዉት ነው።

«አንቺ ይህን የጠላሽው በኔ ልጅ ምክንያት ነው» አለች ዓይናዲስ። «አውቃለሁ። እኔ ግን ደብቄ አኖርኩልሽ። ምላጩን ሃና አዲስ ታመጣልሻለች። እምዬ፣ በእኔ የደረሰ በዚች አይድረስ። ዘገየሁ እኮ። ሁለት ቀን ተቀምጬ ልጄን ገደልኩት። በይ ተነሺ!»

«አልቆርጥም።»

«እንግዲያው እኔ እቆርጣታለሁ። ስትሠሪ አይቻለሁ፣ አያቅተኝም።»

ሃና ልጅቷን ታቅፋ ቆማለች። «ማንኛችሁም ቁረጡ፣ ብቻ ዝም ትበልልኝ!» አለች።

ዓይናዲስ ጭራውን ከሸምበቆው ላይ መፍታት ስትጀምር እማማ የትነበርሽ አዩዋት። እጇ የእሳቸው እጅ ነው። ዝም ቢሉ ይህ እጅ ነገ ምን ይዞ እንደሚያድር ያውቁታል፤ ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም።

«ዓይናዲስ፣ ሰውአገኝ የሞተው ዘግይተሽ አይደለም።»

ዓይናዲስ ቀና አለች።

«እንጥሉ ደህና ነበር። ስገንዘው ነው ያየሁት። እግሩ ጣት ላይ ክር ገብቶበት ነበር፤ ለሱ ነው ያለቀሰው። በማያምመው በኩል ቆርጬ የገደልኩት እኔ ነኝ። አየሁና ሸፈንኩት። ይኸው ነው።»

ዓይናዲስ ጭራውን ከእጇ አልጣለችም፤ እንደያዘችው ቀረች።

«ጠየቅሁሽ እኮ» አለች። «ዘግይቼ ነው ወይ አልኩሽ። ራስሽን ነቀነቅሽ።»

«ነቀነቅሁ።»

«ሁለቱን ሴቶች በሳምንታቸው አስቆረጥኋቸው። ይዤልሽ ልሂድ ብለሽ ነጠላዬን እንኳ ይዘሽልኛል።»

«ይዤልሻለሁ።»

«ምነው እምዬ? ምነው?»

ዓይናዲስ ጭራውን ወለሉ ላይ ጣለችውና ወደ ሃና ሄደች። የልጅቷን እግር ገልጣ ጣቶቿን ፈልቀቅ ፈልቀቅ አድርጋ አየች።

«ምንም የለም» አሉ እናቷ ከኋላ። «በቀን ዐሥር ጊዜ አያለሁ። ለዚህ እኮ ነው የጨነቀኝ፤ እኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።»

ዓይናዲስ አልሰማቻቸውም። ዓይኗ ከልጅቷ እግር ወደ ላይ ወጥቶ ጓንቶቹ ላይ ቆሟል።

«እጇስ?» አለች።

ሃናና እማማ የትነበርሽ ተያዩ። ማክሰኞ ጠዋት ታጥባ ከተሸፈነች ወዲህ ማንም አላየውም። ዓይናዲስ የግራውን ሳበች፤ ደህና ነው። የቀኙን ስትስብ ልጅቷ ጀርባዋን ለጥጣ ጮኸች፤ ጓንቱ አልወጣም አለ፣ ከውስጥ ይዞታል። ቀስ ብላ ገለበጠችው። የመሐል ጣቷ አብጣ፣ ሐምራዊ ሆና፣ ከሥሯ ዙሪያውን ስርጉድ ብላለች። ከጓንቱ የተመዘዘው ክር ስርጉዱ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ብቻ ይታያል።

ሃና «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጮኸች። እማማ የትነበርሽ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። ጥፍሯ አይቆረጥ ያሉት እሳቸው፤ እጇ አይገለጥ ያሉት እሳቸው።

«መቀስ!» አለች ዓይናዲስ። ሃና ሮጣ ያንን የሕፃን ጥፍር መቁረጫ አመጣች፤ ካልተከፈተ ማሸጊያው በጥርሷ ቀድዳ አወጣችው። ዓይናዲስ ተቀብላ ጣቷን ለመያዝ ሞከረች፤ ዕንባ ዓይኗን ሞልቶት ክሩን ማየት አልቻለችም። ዞር ብላ መቀሱን ለእናቷ ዘረጋችላቸው።

«አሁን ቁረጪ» አለች።

እማማ የትነበርሽ ተንበረከኩ። በመርፌ ጀርባ የክሩን ጫፍ ፈልፍለው አነሡ፤ የመቀሱን ጫፍ ከሥሩ አሾለኩ። አንዴ ቀጨም አደረጉ፣ ሁለተኛ ዙር አለ፣ እሱንም ቀጨም አደረጉ። ሦስተኛው ዙር ራሱ ተፈታ። ልጅቷ ትንፋሽዋን ሳበችና ዝም አለች። ሦስቱም ሴቶች ደንግጠው አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ ዝግ ብሎ የጀመረ፣ እየጨመረ የሚሄድ ልቅሶ ተሰማ፤ አፏ ወዲያ ወዲህ ይፈልጋል።

«ይሄ ርቧት ነው» አሉ እማማ የትነበርሽ።

ሃና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አጠባቻት፤ በአንድ ዓይኗ ታለቅሳለች፣ በአንድ ዓይኗ ጣቷን ትጠብቃለች። ጠብታ እንደጨረሰች ባጃጅ ጠርታ ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች። እማማ የትነበርሽና ዓይናዲስ ብቻቸውን ቀሩ።

ዓይናዲስ ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ነጠላዋን አደግድጋለች፣ ቦርሳዋ ከጎኗ ነው፤ የምትሄድም የምትቀርም አትመስልም። እማማ የትነበርሽ ምግብ አቀረቡ፣ አልዞረችም። ውሃ አቀረቡ፣ አልዞረችም። «ይቅር በይኝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ቃሉ አነሰባቸው፤ መልሰው ዘጉት። ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ። ስልኩ ሲጠራ የሃና ድምፅ ቤቱን ሞላው፦ «እማማ፣ ጣቷ ትተርፋለች ብለውኛል! ደሙ ተመልሷል፣ ቀልታለች! ተኝታለች፣ እማማ!»

«ተመስገን» አሉ። ስልኩን ዘጉት። የዓይናዲስ ትከሻ ሲነቃነቅ አዩ።

«የትኛው ጣቱ ነበር?» አለች፣ ሳትዞር።

«የግራ እግሩ። ከትንሿ ቀጥላ ያለችው።»

ዓይናዲስ ጎንበስ ብላ የግራ ጫማዋን አወለቀች። የራሷን ጣት፣ ከትንሿ ቀጥላ ያለችውን፣ በእጇ ጨበጠችና እህህ ብላ አለቀሰች። እማማ የትነበርሽ ሊያባብሏት እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ መለሱት። ስንቱን ሕፃን ያባበሉ ሴት፣ ይህን ልቅሶ ማስቆም የእሳቸው ድርሻ እንዳልሆነ ገባቸው። ፈንጠር ብለው ተቀምጠው እስኪበቃት ጠበቋት።